እጄ የማትደርስባት ቦታ፦ ከጀርባዬ ቋቁቻ ጋር ብቻዬን የታገልኩበት ዓመት

ጀርባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት በሰው ስልክ ነው። ግንቦት ነበር። ድሬዳዋን በግንቦት የሚያውቅ ያውቃታል። ሥራ ቦታ አንዷ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆማ «አንቺ፣ ጀርባሽን ምን ነካው?» አለችኝ። «ምን ሆነ?» ስላት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችኝና አሳየችኝ። ከአንገቴ ሥር ጀምሮ ወደ ታች ነጣ ነጣ ያሉ ክብ ምልክቶች ወርደዋል። አንዳንዱ የአሥር ሳንቲም ያክላል፣ አንዳንዱ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ ካርታ ሠርቷል። ያ ሁሉ ጀርባዬ ላይ ሲወጣ እኔ ምንም አላውቅም።

ቋቁቻ ነበር፣ ፈንገስ የሚያመጣው የቆዳ ችግር። ለመዳን የሚያስፈልገኝ መድኃኒት ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር። እኔ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ፈጀብኝ። አንዱ ምክንያት አለማወቄ ነው። ሌላው ግን ስታስቡት የሚያስቅ ነው፦ ጀርባዬን የሚቀባልኝ ሰው አልነበረኝም። ብቻችሁን ለምትኖሩ፣ ቅባት ገዝታችሁ መስታወት ፊት እጃችሁን እየጠመዘዛችሁ ለምትቸገሩ ነው ይኼን የምጽፈው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሰው ጋቢ ደርቦ የሚውልበት አገር። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች። ለሥራ ተመድቤ የመጣሁት በኅዳር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ «ይኼ ነው እንዴ የድሬ ሙቀት?» ብዬ ተኩራርቼ ነበር። ሚያዝያ ሲገባ ተነፈስኩ። ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ግቢ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል። ያኔ ላቡ ከአንገቴ ተነስቶ በጀርባዬ መሃል ሲወርድ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ከደጋ ያመጣሁትን የናይለን ልብስ አልጣልኩም ነበር። ቆዳዬ እንዳይደርቅ ብዬ ከሻወር በኋላ ዘይት የመቀባት ልማድም ነበረኝ። በኋላ ስሰማው ያንን ፈንገስ እንደ እንግዳ ሳስተናግደው ነው የከረምኩት።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ቶሎ መልስ አልሰጠችኝም። ከዚያ «ለምጽ እንዳይሆን ልጄ» አለች። በነጋታው ጠበል በሰው ላከችልኝ። እኔም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይኼ ፍርሃት ብዙ ሰው ላይ ስላለ አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። ለምጽ የወተት ያህል ይነጣል፣ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ አይቀረፍም። ቋቁቻ ግን በጥፍር ፋቅ ስታደርጉት ዱቄት የመሰለ ስስ ቅርፊት ይወጣዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ይነጣል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ይጠቁራል ወይም ቀላ ይላል። አንድ ነገር ግን እንዳትዘናጉ፦ ነጣ ያለው ቦታ ሲነካ ስሜት ከሌለው፣ መርፌ ወይም ሙቀት ካልተሰማችሁ፣ የቋቁቻ ቅባት አትሞክሩ። ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እሱም ቢሆን በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት ያመጡልኝ የቤት አከራዬ ናቸው። «እማማ» ነው የምላቸው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይወደድም፣ እሳቸውም «አንቺ በይኝ አቦ፣ አታስረጂኝ!» እያሉ ይቆጡኛል። ደብረ ብርሃን ያደገ አፍ ግን እሺ አይልም። እማማ ጀርባዬን በድሪያዬ አንገት በኩል አጮልቀው አዩና «ቆዳሽ ደርቆ ነው፣ ዘይት አጥግቢው» ብለው ፈረዱ። ዘይቱን ከሁለት ጊዜ ወደ ሦስት ጊዜ አሳደግኩት። ምልክቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ወገቤ ወረደ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይኼ ፈንገስ ቅባት የሚበላ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሊያሳድጉት ሲፈልጉ የወይራ ዘይት ይጨምሩለታል! በእማማ አልፈርድም፣ በቅንነት ነው ያሉት። ቅቤም፣ የኮኮናት ዘይትም፣ የወይራ ዘይትም ለቋቁቻ አይሆንም።

ሁለተኛው ስህተት ግን የራሴ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ አንዲት ትንሽ ቱቦ አውጥታ «ይኼ ለሁሉም ነገር ነው» አለችኝ። ለሁሉም ነገር የሚሆን ቅባት ሲሸጥላችሁ ሩጡ። በሦስት ቀን ውስጥ ማሳከኩ ጠፋ። ደስ አለኝ። ለባልደረቦቼም መከርኳቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቱቦው ላይ በትንንሽ ፊደል ከተጻፈው ውስጥ ክሎቤታሶል የሚል ቃል ነበረበት። ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ማሳከክና መቅላት ያስታግሳል፣ ፈንገሱን ግን አይገድልም። እንዲያውም የሰውነትን መከላከያ እዚያ ቦታ ላይ ስለሚያዳክም ፈንገሱ እንደልቡ ይሰፋል። ብዙ ሲቆይ ደግሞ ቆዳውን ያሳሳል። በወሩ መጨረሻ ምልክቱ ትከሻዬን ዞሮ ደረቴ ላይ ብቅ አለ።

ነሐሴ ላይ በመጨረሻ ትክክለኛውን በር አንኳኳሁ። ፋርማሲ ሄጄ አሳየሁ። ፋርማሲስቱ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ የሚባል የፈንገስ ቅባት ሰጠኝ። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት» አለኝ። መድኃኒቱ ትክክል ነበር። አቀባቡ ነው የጠፋብኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው።

አንደኛ፣ መጠኑ። የገዛሁት ባለ 20 ግራም ቱቦ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲበቃኝ ብዬ እየቆጠብኩ በነጥብ በነጥብ እቀባ ነበር። ሐኪሞች አንድ ቀላል መለኪያ አላቸው፦ ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ጀርባ ከመቀመጫ ጋር እንዲህ ያለ ሰባት ጣት ይፈልጋል። ሦስት ግራም ተኩል ማለት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን ሰባት ግራም። እኔ ሁለት ሳምንት ያቆየኋት ቱቦ ለሙሉ ጀርባ ሦስት ቀን እንኳን አትሞላም! ጀርባችሁ በሙሉ ከተያዘ ቅባቱ በኪስም በእጅም አይቻልም። ሌላ አማራጭ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ እጅ። ቀኝ እጄን በትከሻዬ ላይ አሳልፌ ወደ ታች፣ ግራ እጄን ከወገቤ ወደ ላይ። ጣቶቼ የሚገናኙ ይመስለኝ ነበር። አይገናኙም። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ሰው ራሱ የማይደርስበት ቦታ አለ። ያኔ ግን ይኼን አላወቅኩም። ሦስት ሳምንት ቀብቼ ስልኬን መደርደሪያ ላይ ደግፌ፣ በሰዓት ቆጣሪው ፎቶ ተነሳሁ። ትከሻዬና ወገቤ ላይ ቅርፊቱ ጠፍቷል። መሃሉን ግን ከአንገቴ ሥር ተነስቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰፊ መስመር ይዞታል። አህያ ጀርባ ላይ ያለውን መስመር አይታችኋል አይደል? ልክ እሱን። ከዚያች መስመር ተነስቶ ያጸዳሁትን ቦታ እንደገና መያዝ ጀመረ።

ለምን እማማን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። አፈርኩ። የቆሸሽኩ መሰለኝ። ቋቁቻ የቆሻሻ በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግኩት።

መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ ተነስቼ ሐረር፣ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድኩ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር በመስኮት የሚገባው አየር ይቀየራል። ጀርባዬ ከወንበሩ ላይ ሲላቀቅ ተሰማኝ። ያቺን ንፋስ ብቻ ለማግኘት የሚያስኬድ መንገድ ነው።

ሐኪሟ ጀርባዬን በትንሽ ምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ብናኙን ስስ መስታወት ላይ አደረገች። አንድ ጠብታ ጨምራ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው። «ነይ እዪ» አለችኝ። አጫጭር ክሮችና ክብ ክብ ኳሶች ተደባልቀው ይታያሉ። «እኛ ስንማር ስፓጌቲ ከስጋ ኳስ ጋር እያልን ነው የምናጠናው» ብላ ሳቀች። ለአንድ ሳምንት ፓስታ አልበላሁም።

ከዚያ የነገረችኝ ነገር ከመድኃኒቱ በላይ ፈወሰኝ። ፈንገሱ ማላሴዚያ ይባላል። ከማንም አልተጋባብኝም፣ ለማንም አላጋባም። የአንቺም የእኔም፣ የሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ነው አለችኝ። ሙቀት፣ ላብና ቅባት ሲመቸው ከልኩ ይበዛል። ቆዳ ቀለሙን የሚሠራበትን ሂደት ስለሚያውክ ነው የሚነጣው። ከንጽሕና ጉድለት ጋር አይያያዝም። አንሶላ ማቃጠል፣ ፎጣ መጣል አያስፈልግም።

የሱቋን ቱቦ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳያት አንዴ አንብባ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ስለ ክኒንም ጠየቅኳት። ምክንያቱም አንዷ ጎረቤት ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ ክኒን ልትሰጠኝ ነበር። «እንዳትነኪው» አለችኝ። ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለቆዳ ፈንገስ እንዳይሰጥ ከልክለዋል። ሌሎች ክኒኖች አሉ፣ ግን በሐኪም እጅ ነው። ለእኔ ሻምፖው ይበቃል አለች። አዎ፣ የፀጉር ሻምፖ፦ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለው። ክኒኑ ሌላ፣ ሻምፖው ሌላ ነው። ሻምፖው ላይ ላዩን ሠርቶ ይታጠባል።

«ማን ይቀባልሻል?» አለችኝ። «ራሴ።» «እስቲ አሳዪኝ።» ጣቶቼ ላይ ተራ ቅባት አድርጋ ጀርባሽን ቀቢ አለችኝ። እንደ ጂምናስቲክ ተጠማዘዝኩ። ስጨርስ እስክሪብቶ አነሳች። ቅባት ያልነካውን ቦታ ዙሪያውን አሰመረችና በስልኬ ፎቶ አንስታ ሰጠችኝ። እጄን ዘርግቼ ከምሸፍነው ይሰፋል። ብብቴ አካባቢም ሳላስበው የዘለልኩት ቁራጭ አለ። «መድኃኒቱ አልሠራም የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው» አለችኝ። «መድኃኒቱ ግን መች ደረሰ?»

ይቺን ፎቶ አሁንም አላጠፋኋትም። ከመጀመራችሁ በፊት እናንተም ይኼንኑ አድርጉ። በቫዝሊን ወይም በቤታችሁ ባለ ማንኛውም ሎሽን ለሙከራ አንዴ ጀርባችሁን ቀቡና ስልክ ደግፋችሁ ፎቶ ተነሱ። የሚያብለጨልጨው የደረሳችሁበት ነው። ፈዞ የቀረው የየራሳችሁ አህያ መስመር ነው። ከዚያ በሳሙና አጥቡት፣ ቅባቱ እዚያው አይደር።

ድሬ ተመልሼ መሣሪያ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ያነሳሁት የገዛ ማማሰያዬን ነው። ጫፉ ላይ ስፖንጅ በላስቲክ አሰርኩ። ለሻምፖ አሪፍ ነው፣ አረፋ ያወጣል። በቅባት ስሞክረው ግን ስፖንጁ ሁሉንም ጠጣው፣ ጀርባዬ ጋ የደረሰ የለም። ለቅባት ከሆነ ስፖንጁን በፌስታል ሸፍናችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ፌስታል አይጠጣም። ቀጥሎ ፌስታል በር ላይ ለጥፌ፣ ቅባት ቀብቼበት፣ ጀርባዬን እንደ ላም ታከክሁበት። ፌስታሉ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ቅባቱ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። እማማ በመስኮት «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኩ። ተዉት፣ ጊዜ አታባክኑ።

የረዳኝ ነገር የተገኘው የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። የቀለም መቀቢያ ሮለር። ትንሿ፣ ስፋቷ 10 ሴንቲ ሜትር የምትሆነው፣ ከስፖንጅ የተሠራችዋ፣ እጀታዋ ረዘም ያለው። ሻጩ «ስንት ግድግዳ ነው?» አለኝ። «አንድ፣ ትንሽ» አልኩት። ቅባት ወይም ሎሽን ስትቀቡ መጀመሪያ ሮለሯን በውሃ አርሳችሁ በደንብ ጨምቋት። ደረቅ ከሆነች ትጠጣለች። ከዚያ ቅባቱን ጠፍጣፋ ክዳን ላይ አድርጋችሁ አንከባልሏት። በአንድ እጅ በትከሻ ላይ አሳልፋችሁ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ እጅ ቀይራችሁ ከታች ወደ ላይ። መገናኛው ላይ ደጋግሙ። አዲስ ትሁን፣ ለሌላ ነገር አትጠቀሙባት፣ ስትጨርሱ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጧት።

ለሻምፖው ግን ከሮለር ይልቅ ጨርቅ ነው የወደድኩት። ያረጀ ነጠላ በረጅሙ ቀደድኩ፣ ወርዱ ስንዝር የሚሆን። አርሼ፣ መሃሉ ላይ ሻምፖውን አፍስሼ ትንሽ አሻሸሁት። ከዚያ አንዱን ጫፍ በትከሻዬ ላይ፣ ሌላውን በብብቴ ሥር ይዤ እንደ መጋዝ ሳብ መለስ። ቀጥሎ ጎኑን መቀየር። ሁለቱ መስመሮች የሚተላለፉት የት መሰላችሁ? ልክ ሐኪሟ በእስክሪብቶ ያሰመረችው ቦታ ላይ።

ቅደም ተከተሉን አደራ። ሁላችንም የምንጀምረው ከሚቀለው ቦታ ነው። ትከሻ ላይ አፍስሰን መሃሉ ጋ ስንደርስ ያለቀ ይሆናል። እኔ አሁን ከመሃል ነው የምጀምረው። ጨርቁም ሮለሩም ገና ሙሉ ሳለ ክፉውን ቦታ አዳርሳለሁ። ዳር ዳሩን እጄም ያገኘዋል። አንገት ሥር ያለው የፀጉር መስመርና ብብት እንዳይረሱ።

የሻምፖ ሌላው ጥቅም አረፋው መታየቱ ነው። ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ስልኬን በፊት ካሜራ እከፍታለሁ። ስልኩ ውስጥ መስታወቱን አያለሁ፣ መስታወቱ ውስጥ ጀርባዬን። ነጭ አረፋ የሌለበት ቦታ ካለ ጨርቁ ይመለሳል። መጀመሪያ ቀን ግራና ቀኙ ይምታታባችኋል፣ በሦስተኛው ይለምዳል። ከዚያ 5 ደቂቃ መቆየት ነው። እኔ የስልኬን ሰዓት እሞላለሁ። በግምት ከሆነ 5 ደቂቃ የምትመስለው አንድ ደቂቃ ተኩል ነች፣ ለክቼዋለሁ። ከዚያ መታጠብ። በቀን አንዴ፣ ለ5 ቀን። የእኔ እንዲህ ነበር፣ ለእናንተ የታዘዘው ቀን ቢለይ ያዘዘላችሁን ስሙ። ሌላ ዓይነት ሻምፖ ከተሰጣችሁ ደግሞ የመቆያው ደቂቃም ሊለይ ይችላል።

ውሃ የሚጠፋባችሁ ሰፈር ከሆናችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ጀሪካኑን ሙሉ። እኔ በሦስተኛው ቀን አረፋው ጀርባዬ ላይ እንዳለ ቧንቧው ተንፍሶ ቆመ። በድሪያ ተጠቅልዬ ባልዲ ይዤ እማማ በር ላይ ቆምኩ። ምንም አልጠየቁኝም። ውሃውን ራሳቸው በጆግ አፈሰሱልኝ። «ይኼ ነው እንዴ ስትደብቂኝ የከረምሽው?» ብቻ አሉኝ።

አምስቱ ቀን አለቀ። ፎቶ ተነሳሁ። ምልክቱ እንዳለ አለ! ተስፋ ቆረጥኩ፣ እውነቴን ነው። ሻምፖውን በሙሉ ልደፋበት ነበር። ከዚያ ሐኪሟ ያለችኝን አስታወስኩ፦ «ቀለሙን አትዪ፣ ቅርፊቱን ፋቂ።» በማማሰያው ጠርዝ መሃሉን ፋቅ አደረግኩት። ምንም ዱቄት የለም። ፈንገሱ ሞቷል። የቀረው ጥላው ነው። ቆዳው ቀለሙን መልሶ እስኪሠራ ወራት ይፈጃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው መድኃኒት ከመድኃኒት የሚያደባልቀው። በየቀኑ ጀርባችሁን አትዩ። በወር አንዴ፣ እዚያው ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ ተነሱ። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ ነበር የምነሳው። የመስከረሙንና የኅዳሩን ጎን ለጎን ሳይ ነው ያመንኩት።

አንድ ሞኝነት ይቀረኛል። የታናሽ እህቴ ሠርግ ጥር ላይ ነበር፣ እኔ ሚዜ። ቀሚሱ ጀርባው ክፍት ነው። ታኅሣሥ ላይ ጥላው ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከዱባይ የተመለሰች ጓደኛዬ አንድ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ፈረንጆች ፀሐይ ሳይሞቁ ለመጥቆር የሚቀቡት ነው። ውስጡ ያለው ዲኤችኤ የሚባል ስኳር ከላይኛው የሞተ ቆዳ ጋር ተዋሕዶ ቡናማ ይሆናል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይወጣል፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ከቆዳው ጋር ይረግፋል። ሮለሬን ይዤ ጀርባዬን በሙሉ አዳረስኩ። ከአህያ መስመር በኋላ ሊቅ ሆኛለሁ፣ አንድም ቦታ አልዘለልኩም።

ችግሩም እሱ ነበር። ነጩም ቦታ ጠቆረ፣ ጥቁሩም ቦታ ጠቆረ። ልዩነቱ እንዳለ ቁጭ! የሚያስፈልገው ነጩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ ማድረግ ነበር። ያንን ደግሞ የገዛ ጀርባ ላይ ብቻውን የሚችል ሰው አላየሁም። በዚያ ላይ ቀለሙ ሳይወጣ ላብ መጣ። ላቡ በወረደበት እየታጠበ ብርቱካንማ ጅራፍ ጅራፍ ሠራብኝ። አንሶላዬም የጀርባዬን ማኅተም ይዞ ቀረ። ጓንት ስላላደረግኩ መዳፌ ለአራት ቀን ሂና የተቀባ መሰለ። ሥራ ቦታ «ሠርግ ነበር እንዴ?» ተባልኩ። ደግነቱ ሙከራው ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነበር። የግድ መሞከር ካማራችሁ ማታ፣ ሳይሞቅ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ሞክራችሁ። ቅርፊት ያለው ቆዳ ላይ ግን ጨርሶ አይሆንም፣ ቅርፊቱ ቀለሙን ይሰበስበዋል።

ለሠርጉ ቀሚሱን እንዳለ ለበስኩት። ጥላው ያኔ ደብዝዞ ነበር፣ የቀረውን የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ ጨረሰልኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁላችንም ጋቢ ውስጥ ነበርን።

ቋቁቻ ይመለሳል። ሙቀቱ የትም አይሄድም፣ ፈንገሱም ቆዳችን ላይ ነው ቤቱ። ስለዚህ በወር አንዴ ሻምፖዋን እደግማለሁ። ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ። ቀኑ እንዳይጠፋብኝ ደሞዝ የገባ ዕለት አደረግኩት፣ እሱን ቀን ማንም አይረሳም። ናይለኑን ለሠራተኛ ሰጥቼ ጥጥ በጥጥ ሆኛለሁ። በላብ የራሰ ልብስ ላዬ ላይ አይደርቅም። ዘይቱ ወጥ ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው።

ባለፈው የደሞዝ ቀን ሮለሯን አጥቤ ገመዱ ላይ ሰቅያት ስመለስ የለችም። እማማ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ሲያገላብጧት ደረስኩ። የወገብ ማሻሻያ ቅባታቸው ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወገባቸውን እያመማቸው፣ ያቺን ቅባት እንደ እኔ ጎን ጎኑን ብቻ ሲቀቡ ኖረዋል። ልጆቻቸው ጅቡቲ ናቸው።

«እማማ፣ ይስጡኝ እኔ ልቀባዎት» አልኩ።

«ተዪኝ አቦ!» አሉኝ፣ ሮለሯን ወደ ኋላቸው ሸሽገው። «በዚህ ዕድሜዬ ማን ያየኛል? አሠራሩን ብቻ አሳዪኝ።»

በማግስቱ ለእሳቸውም አንድ ገዛሁ። ሻጩ አስታወሰኝ። «ያ ግድግዳ ገና አላለቀም?» አለኝ።